መሐላ ያልያዘው ዓይን

መሐላ ያዛት ብለው ያሙኝ ሴቶች ዛሬ እኔ ባስከፈትኩት መንገድ ውሃ ይቀዳሉ። ጠዋት ከደጃፌ ተቀምጬ አያቸዋለሁ። «እንደምን አደሩ እማማ ለተሥላሴ» ይላሉ ጎንበስ ብለው። «እግዚአብሔር ይመስገን። መንገዱ ተመቻችሁ ወይ?» እላለሁ። ከዚያ በላይ አልናገርም። ብናገርም ሐቄ ነው፤ ግን አልናገርም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

መንደራችን ከደብረ ታቦር ቁልቁል ነው፤ ባጃጁ ከሚመለስበት ጥቂት እልፍ ብሎ። ቦኖ ተተክሎልናል። ቦኖው ግን አንድ ሰሞን ይፈስና አንድ ሰሞን እንዳኮረፈ ሰው ዝም ይላል፤ ስለዚህ ዛሬም ውሃችን ከታች ያለው ምንጭ ነው። ወደ ምንጩ የሚወርደው መንገድ በአንድ የገብስ ማሳ ዳር ያልፋል። ማሳው የሞላ ነው። ካጎቱ ወርሶት ነው። አጎቱ ደግ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር፤ ደግነቱን ግን ከመሬቱ ጋር አላወረሱትም።

ያለፈው ክረምት ሲገባ ሞላ መንገዱን ከማሳው ጋር ደባልቆ አረሰው። ገብስ ዘራበት፤ ከላይም ከታችም በእሾህ አጠረው። ሴቶቹ በገደሉ ጥግ መዞር ጀመሩ። ጭቃው እንደዚያ፣ ጀርባ ላይ ሙሉ ጀሪካን። ፍቅርተ የምትባል የጎረቤቴ ልጅ አዳልጧት ወደቀችና ክንዷ ተሰበረ። ጀሪካኑ ገደል ገባ፤ እሷን እግዚአብሔር በአንድ ቁጥቋጦ ያዛት።

ያኔ ሽማግሎች ተቀመጡ። ሞላ ተነሥቶ «እዚህ መንገድ ኖሮ አያውቅም» አለ። «አጎቴ ሰው መከልከል የማይችሉ ነበሩና ሲረግጡባቸው ዝም አሉ እንጅ፣ መሬቱ መንገድ የለበትም።»

የሽማግሎቹ አለቃ አያ ይሻው ነው። «መንገድ መኖሩን የሚያውቅ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ምን ያውቃሉ? ወንድ ውሃ አይቀዳም። ያኔም አልቀዳ፣ ዛሬም አልቀዳ። የውሃ መንገድ የት እንደነበረ ወንድ ጠይቀህ ምን ልታገኝ ነው?

እኔ ተነሣሁ።

«ሙሽራ ሆኜ እንስራ ያዘልኩት በዚያ መንገድ ነው» አልኩ። «አማቴ እጄን ይዘው ነው ያሳዩኝ። ከዳገቱ ወገብ ላይ እንስራ የምናሳርፍበት ድንጋይ ነበረ። ሴት ሁሉ እንስራዋን እያስቀመጠችበት መሐሉ እንደ ወጭት ጎድጉዷል። ሞላ፣ ድንጋዩን የት አደረግኸው?»

«የምን ድንጋይ?» አለ።

«ማሳው ይቆፈር!» ስል ሁሉም ጮኹብኝ። ገብሱ ቆሟል። በኛ አገር የቆመ አዝመራ አይረገጥም፤ የጠላትህም ቢሆን አይረገጥም። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ ንዴት ነው ያናገረኝ።

አያ ይሻው ጢሙን አሻሸና «እንግዲያው ትማል» አለ። «ከማርያም ደጅ ቆማ ትማል። እስከ ጥቅምት መድኃኔ ዓለም እንጠብቅ። ምንም ካላገኛት ቃሏ ቃል ነው፣ መንገዱ ይከፈታል። መሐላው ከያዛት ግን ሞላ ረታ፤ እሷም በሕዝብ ፊት ይቅርታ ትጠይቃለች።»

የኛ ዳኝነት እንዲህ ነው። የማለ ሰው ከታመመ፣ ላሙ ከሞተች፣ እግሩ ከተሰበረ፣ ዋሽቷል ይባላል። ማልኩ። መስከረም ላይ፣ በማርያም ዕለት፣ ሕዝብ ሞልቶ ሳለ ማልኩ። እጄም አልተንቀጠቀጠም፣ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም።

የተንቀጠቀጠው በኋላ ነው። እሱም ዓይኔ ነው።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ርስትም ከብትም ብዙ የለኝም። ያለኝ ቃሌ ነው። ለተሥላሴ ካለች አለች ይባልልኛል፤ ስኖር የኖርኩት በሱ ነው። ታዲያ ከመሐላው በኋላ ሰው ሁሉ እየጠራ ያስወራኝ ጀመር። እዚህ ቡና፣ እዚያ ቡና፤ ከጎረቤቴ ከፈንታነሽ ቤት ወጥቼ ወደ የሺ ቤት፣ ከዚያ ቤቴ ገብቼ ደግሞ የራሴን። ቡና አልወድም የሚል ጎንደሬ እኔ አላየሁም። ምግቡን ግን ረስቼዋለሁ። ጋደም ስል ደግሞ ሞላ «የምን ድንጋይ?» ያለበት ድምፅ ይመጣብኛል፤ እገላበጣለሁ፤ ዶሮ ይጮኻል።

እንዲህ ሆኜ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ የግራ ዓይኔ ሽፋን ትር አለ። ትር፣ ትር፣ ትር። ዝንብ መስሎኝ አሸሁት። ዝንብ አይደለም። ቆዳው ራሱ ይዘላል፣ ጉንጬንም ወደ ላይ ይስበዋል። ከፊት ለፊቴ ቆሞ የነበረው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አያ ይሻው። ባሏን ከቀበረች ስንት ዘመኗ የሆነ ባልቴት፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሽማግሌ ስትጠቅስ! ሰውዬው ፊቱ ደም መሰለ፤ ነጠላውን ጎተተና ዞረ።

ያየችው ፈንታነሽ ነች። ፈንታነሽ ካየች መንደሩ አየ ማለት ነው።

«እማማ፣ ዓይንዎ ምን ነካው?»

«ምንም አልነካው። አንቺን ማየት ሰልችቶት ነው።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ሁሉን ቤት አዳረሰ። ለተሥላሴን መሐላው ያዛት። ግራ ዓይን ደግሞ የሚርገበገበው ለእንባ ነው ተባለ። በማግስቱ ፈንታነሽ ገለባ በምራቋ አርሳ ከሽፋኔ ላይ ልትለጥፍልኝ መጣች፤ መርገብገቡን ያቆማል አለች። «ምራቅሽን ለራስሽ ዓይን አድርጊው» ብዬ መለስኳት። ሌላዋ አመድ አምጥታ ተቀቢ አለችኝ። ሌላዋ ጎን ለጎን ተቀምጣ አለቀሰች፤ እንደሞትኩ ቆጥራኝ ነው።

ሞላማ ደስታው! በሬዎቹን እየነዳ በደጃፌ ሲያልፍ ቆም አለና ባርኔጣውን አነሣ።

«እማማ ለተሥላሴ፣ ለርስዎ አዝኜ ነው። ቀኑ ሳይደርስ እመቤታችንን ይቅርታ ይጠይቋት።»

«አንተ የምትጠይቃት ብዙ አለህ» አልኩት። «ተራህን አልሻማህም፤ ሂድ!»

እሱ ሲሄድ ዓይኔ ከበፊቱ ባሰበት።

ዓይናለም የልጄ ልጅ ናት። ቤሩት ሠርታ የተመለሰች፣ አሁን ደብረ ታቦር ልብስ ትሸጣለች። ወሬው እሷም ዘንድ ደርሶ ባጃጅ ይዛ መጣች። «እምዬ፣ ይነሡ፤ ሐኪም ዘንድ እንሂድ» አለች። እኔ ሐኪም የምሄደው ስወድቅ ነው። ግን ቀኑ እየቀረበ ነው፤ ሄድኩ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ያልጠነከረች፣ ቀለበት እንኳ ያላሰረች። «ዓይንዎን ጥብቅ አድርገው ይጨፍኑ» አለች። ጨፈንኩ። «ጉንጭዎን ይንፉ።» ነፋሁ። «አሁን ፈገግ ይበሉ።»

«የምፈገግበት ነገር የለኝም።»

«ይሁን፣ ጥርስዎን ብቻ ያሳዩኝ» አለችና ሳቀች። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። «ጥሩ ነው፤ ሁለቱም ጎን እኩል ይሠራል። እማማ፣ በቀን ምን ያህል ቡና ይጠጣሉ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ! በመሐላ ተይዘሻል የተባለች ሴት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እሷ ቡና ትጠይቃለች። «ሰው እንደሚጠጣው» አልኩ። ዓይናለም ከጎኔ ሆና «ሰው እንደሚጠጣው አይደለም» አለች። አሽሙረኛ።

«እንቅልፍስ? ጭንቀትስ? ጭስ ላይ ይቀመጣሉ?» አለች ሐኪሟ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሞላን ጭምር። ሰምታኝ ስታበቃ «እማማ፣ ብዙ ሰው ላይ የሚመጣ ነው» አለች። «ሽፋኑ ላይ ያለችው ትንሽ ጡንቻ ደክማለች። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ቡና፣ ጭስ፣ ሲደራረቡ እንዲህ ትዘላለች። ቡናውን ይቀንሱ፤ በደንብ ይተኙ፤ ምግብ አይዝለሉ። ንጹሕ ጨርቅ በለብታ ውሃ ነክረው ዓይንዎ ላይ ያድርጉ። ሰንብቶ ካልለቀቀዎት፣ ዓይንዎን ጨርሶ እየዘጋው ከመጣ፣ ወይ ወደ አፍዎ ከወረደ ተመልሰው ይምጡ። አፍዎ ድንገት ከተጣመመ ግን አንድ ቀን እንዳያድሩ።»

«መድኃኒቱስ?»

«መድኃኒቱ ይኸው ነው።»

መርፌ የለ፣ ኪኒን የለ። ተኚ ለማለት ነው ይህን ሁሉ ዘመን የተማረችው? ከበሩ ስንወጣ «ወንዛዬ ውሰጅኝ» አልኳት ዓይናለምን። «ወንዛዬ ፍል ውሃው ያወጣዋል።»

«እምዬ፣ ሐኪሟ እኮ...»

«ወንዛዬ!»

በሐሙሲት አድርገን ወረድን። ወንዛዬ እንደሁልጊዜው ነው፤ እንፋሎቱ ይጨሳል፤ በዱላ የሚሄደው ከያገሩ ተሰብስቧል። ከአንበሳሜ የመጣች ጉልበቷን የሚያማት አንዲት ሴት ቦታ አካፈለችኝ። ለጠበል ብዬ ሄጄ ቡና አልነካም፤ የኔ ደንብ ነው። ቆሎዬን እበላለሁ፣ ሴቲቱ ከጎመኗ ታካፍለኛለች፤ ፍል ውሃው ውስጥ ገብቼ ነጠላዬን ነክሬ ፊቴ ላይ አደርጋለሁ። ሞላን የሚያውቅ የለ፣ ፈንታነሽ የለች። እንቅልፍ እንደ ሕፃን ጣለኝ። የአንበሳሜዋ ሴት «እርስዎስ ለመታጠብ ሳይሆን ለመተኛት የመጡ ነው የሚመስሉት» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ዓይኔ ጸጥ አለ። ጨርሶ ጸጥ አለ።

ስመለስ የአገባቤ ነገር! ቤቴ እንኳ ሳልገባ በየደጃፉ ዞርኩ። «ያውና፤ እዩት» እላለሁ፤ ፊቴን ወደ ፀሐይ አዞራለሁ። «የት አለ መሐላችሁ? ወንዛዬ ታጥቦ ሄደ!» ፈንታነሽ እልል አለች፤ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ናት። ጀበና ጣደች። እስከ በረካ ጠጣሁ። ከዚያ የሺ «የኔንስ?» አለች። ወጉ አይቀርም፣ እሷም ዘንድ ጠጣሁ። ደስታ ነው፣ ሰው ሲደሰት ይጠጣል። በዚያው የሺ «ሞላ ለይቅርታው ቀን ሰው እየጠራ ነው አሉ» ብላ ነገረችኝ። የዚያን ቀን እንቅልፍ የሚባል ጠፋ። በማግስቱም ጠፋ።

ትር።

ከጉድጓድ ወጥቼ መልሼ የገባሁ መሰለኝ። አሁን ደግሞ የባሰ አገኙልኝ። ቀድሞ መሐላው ያዛት ነበር፤ አሁን ጠበሉ እንኳ ሊያስለቅቃት አልቻለም ሆነ። ፍቅርተ የተሰበረ ክንዷን በሻሽ አስራ መጣችና ከፊቴ ቆመች። ልጅቷ አትዋሽም።

«እማማ፣ ድንጋዩ በእውነት ነበረ?» አለችኝ።

የሞላ ነገር እንደዚያ አላመመኝም። የተሰበረችው እሷ፣ የማልኩት ለሷ፣ የጠረጠረችኝም እሷ።

«ነበረ» አልኳት። «አሁንም አለ። አሁን ሂጅና ተይኝ፤ ማሰቢያ ጊዜ ስጪኝ።»

ከደጃፌ ተቀምጬ አሰብኩ። በሬ ቢያነክስ ማን ረገመው ብለህ ጎረቤት ለጎረቤት አትዞርም፤ እግሩን አንሥተህ ታያለህ። እኔ የራሴን ዓይን እንደ በሬ እግር አላየሁትም። ወንዛዬ ምን ነበረ? ፍል ውሃ። ፍል ውሃ እዚህም አለ፤ ምድጃ አለኝ፣ ማሰሮ አለኝ። ወንዛዬ ምን አልነበረም? ጭስ አልነበረም፣ ሞላ አልነበረም፣ ቡና... ቡና አልነበረም። ጥርሴን ነከስኩ። ያች ሳንቲም የማታክል ሐኪም ልክ ነበረች። ይኸው ተናገርኩ፤ ሁለተኛ አልደግመውም።

ጀበናዬን አነሣሁና ለዓይናለም ላክሁላት። «አስቀምጪልኝ፤ ብለምንሽም አትስጪኝ» ብዬ።

ቡና ማቆም እንዲህ ነው ብሎ የነገረኝ የለም። ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። ዶሮዋን ተሳደብኩ፣ ቄሱን ተሳደብኩ፣ በግድግዳው ላይ ያለውን ሚስማር ተሳደብኩ። ፈንታነሽ ከአጥር ወዲያ ሆና «እማማ፣ ይምጡ እንጅ፣ ቡና ፈልቷል!» ስትል ድንጋይ መወርወር ብቻ ነው የቀረኝ። በቡናው ፋንታ በሶ በጠበጥኩ። ምሳዬን በሰዓቱ በላሁ፤ ከጓሮ ጎመን ቀጠፍኩ። መደቤን ከምድጃው አርቄ ከበሩ አጠገብ አዛወርኩት። ጋደም ስል ውሃ አሙቄ ጨርቅ ነክሬ ዓይኔ ላይ አደርጋለሁ፤ የሞላ ድምፅ ሲመጣብኝ «ነገ» እለዋለሁ፤ «ነገ ና፤ አሁን ተኝቻለሁ።» ተኛሁ።

አርሶ እንደዋለ በሬ ቀስ ብሎ፣ አንዴ እየቆመ አንዴ እየተነሣ፣ ዓይኔ እየረጋ መጣ። መድኃኔ ዓለም ሊሆን ዋዜማው ላይ እንኳ አንዴ ትር ብሏል፤ አልዋሽም። ግን አልፈራሁትም። የማን ልጅ እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ቀኑ ደረሰ። ከወይራው ሥር ተሰበሰብን። ሕዝቡ ሌላ ሥራ የለውም፤ ፊቴን እንደ ገበያ ዶሮ እያገላበጠ ያያል። አያ ይሻው ወንበሩን አስጠግቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና ዓይኔ ላይ አፈጠጠ።

«ይሻው፣ በደንብ እየው» አልኩት። «ዛሬ አልጠቅስህም።»

ሳቅ ሆነ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ቆየ፣ አየ። ዓይኔ እንደ ኩሬ ውሃ ረግቷል። «ምንም የለም» አለ በመጨረሻ።

ሞላ ተነሣ። ገብሱን ሰሞኑን አጭዶ ከምሯል፤ ዝናብ እንዳይመታበት፣ ሌባ እንዳይነካበት ከክምሩ ሥር ተቀምጦ ሲያነጋ ሰንብቷል። ለመጽናኛው ደግሞ ሚስቱ ቡና በፔርሙዝ ትልክለት ነበር፤ መንደሩ ያውቃል። «ዛሬ አለመርገብገቡ...» ብሎ ሲጀምር የቀኝ ዓይኑ ሽፋን ትር አለ። ደግሞ ትር አለ። ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። ሲሸፍን ጊዜ ያላየውም አየው።

«መሐላው ዞረበት!» አለች ፈንታነሽ፤ አለችና እልልታውን አቀለጠችው። ሴቶቹ ተከተሏት። ወንዶቹ አማተቡ። ሞላ አመድ መስሎ ቆመ። አያ ይሻው እጁን አነሣ፤ ፍርዱን ሊሰጥ ነው። ለኔ ሊፈርድልኝ ነው።

ልቀበለው እችል ነበር። ዝም ብል መንገዱ ይከፈት ነበር። ግን እኔ በዓይን ሽፋን ረትቼ ቤቴ ልገባ? ነገ ዝንብ ቢያርፍብኝ ደግሞ በዓይን ሽፋን ልረታ?

«ዝም በሉ!» አልኩ። «ሞላ፣ ወዲህ ና። ለመጨረሻ ጊዜ በቅጡ የተኛኸው መቼ ነው?»

«እ... አላስታውስም።»

«ቡናህስ? ፔርሙዙ ሲያልቅ ሌላ ይመጣልሃል?»

ራሱን ነቀነቀ።

«ሰማችሁ? ይህ መሐላ አይደለም፤ እንቅልፍ ነው። የኔም እንደሱ ነበር። እመቤታችን የሰው ዓይን ሽፋን የምታርገበግብ ሥራ ፈት መሰለቻችሁ?» ቄሱ ሳላቸውን ሳሉ። ሳሉ እንጅ አልገሠጹኝም። «ቃሌ ያለው ዓይኔ ላይ አይደለም። ከዚህ ሰው ማሳ ውስጥ ነው። ገብሱ ታጭዷል፤ የሚረገጥ አዝመራ የለም። ተነሡና ዶማ ያዙ።»

«ለተሥላሴ፣ ከተማለ በኋላ መቆፈር...» አለ አያ ይሻው።

«ማርያምን አለማመን ነው ልትል ነው? እኔ እሷን አምኜ ነው የማልኩት፤ ለዚህ ነው ጉድጓድ የማልፈራው። የሚፈራ ካለ ይናገር።»

ሁሉም ወደ ሞላ ዞረ። ሞላ መሬት መሬት ያያል።

ወረድን። ማሳው ቃርሚያ ብቻ ነው፤ ሁሉ ቦታ አንድ ዓይነት። «የቱ ጋ?» አሉኝ ወንዶቹ ዶማቸውን ተሸክመው። እኔም የቱ ጋ እንደሆነ በዓይኔ አላውቀውም፤ ሞላ ምልክት አልተወልኝም። ጀርባዬ ግን ያውቀዋል።

«ፈንታነሽ፣ ነይ። ከምንጩ ጀሪካን ሞልተሽ እዘይ።»

«እኔ? ለምን እኔ?»

«እልልታሽ ያልደከመ አንቺ ነሽ። ሞልተሽ እዘይና ቀጥ ብለሽ ዳገቱን ውጪ። ማረፍ ስትፈልጊ ቁሚ።»

ሳቁባት። አዘለች። ቀጥ ብላ በማሳው ዳር ወጣች፤ እኛ ከኋላዋ። ትንፋሿ እየበዛ፣ ገመዱ ደረቷን እያጠበቃት ሄደች። አማቴ እንዲህ ነበር ያሉኝ፦ ድንጋዩን ያስቀመጡት የድሮ ሴቶች ናቸው፤ ያስቀመጡትም ሴት ከዚያ ወዲያ አልችልም በምትልበት ቦታ ነው። ወንድ ቢያስቀምጠው ለውበቱ ከዛፍ ሥር ያደርገው ነበር።

ፈንታነሽ ቆመች። «እፎይ! ኧረ ላሳርፍ፣ ሞትኩ!»

«ቆፍሩ» አልኩ።

ቆፈሩ። አፈር። ደግሞ አፈር። ሞላ ቀና አለ፤ ከንፈሩ ላይ ቀለም ተመለሰ። አንዱ «የለም እኮ እማማ» አለኝ።

«ፈንታነሽ ሰነፍ ናት» አልኩ። «ትንሽ ከፍ በሉ።»

ከፍ ብለው መቱ። ዶማው ጓ! አለ።

አፈሩን ጠረጉ። ትልቅ ድንጋይ ነው፤ ጉድጓድ ተምሶለት ተንከባሎ የገባ። ጠርዙ ላይ ዲጅኖ የፋቀው ነጭ ቁስል አለ፤ ገና አልጠቆረም። ፊቱ ወደ ታች ነው። ወንዶቹ ተጋግዘው፣ ሆ ብለው ገለበጡት።

መሐሉ እንደ ወጭት ጎድጉዷል። የእናቶቻችን እንስራ የበላው።

ፍቅርተ በደህናው እጇ ጀሪካኑን ከፈንታነሽ ጀርባ ተቀበለችና ከድንጋዩ ጎድጓዳ ላይ አስቀመጠችው። ልክ ተቀመጠ። ከዚያ ወደኔ ዞራ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዝኳት፤ ክንዷ እንዳይነካ። ያኔ እልልታው መጣ። የማሳው ጥግ፣ የገደሉ ጥግ፣ ሁሉ መለሰው። እኔም አልኩ። ድምፄ እንደ ልጃገረድ ነበር፤ ማንም አይክደኝም።

አያ ይሻው ባርኔጣውን አወለቀ። «ለተሥላሴ፣ ቃልሽ ቃል ነው» አለ። «መንገዱ ተከፍቷል። እሾሁን የሚያነሣው ሞላ ነው፣ ድንጋዩንም ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላ ነው። የፍቅርተን ቤት ደግሞ ክንዷ እስኪጠና ውሃ የሚቀዳው ሞላ ነው።»

«በመንገዱ» አልኩ እኔ።

«በመንገዱ» አለ።

ሞላ ከፊቴ ቆመ። ዓይኑ ይዘላል፤ እንባም አቅርሯል። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «አንዲት ትልም ገብስ ልጨምር ብዬ ነው።»

«ዛሬ ተኛ» አልኩት። «የቀበረውን ያወጣ ሰው እንቅልፍ አያጣም። ፔርሙዙን ለሚስትህ መልስላት። ጨርቅ በለብታ ውሃ ነክረህ ዓይንህ ላይ አድርግ። ካልተወህ ደብረ ታቦር አንዲት ትንሽ ሐኪም አለች፤ ለተሥላሴ ልካኝ ነው በላት።»

የሞላ ዓይን ተወው። ውሃ ሲቀዳ ሰንብቶ ድካሙ አስተኛው፤ ዳገቱንም አወቀው። አንድ ቀን ጀሪካኑን ከድንጋዩ ላይ አሳርፎ ላቡን ሲጠርግ አየሁትና «እንዴት ነው ድንጋዩ፣ አለ ወይስ የለም?» ብዬ ጠየቅሁት። «አለ፣ እማማ» አለ። «እግዚአብሔር የባረከው።»

ጀበናዬን ዓይናለም መልሳልኛለች። ጠዋት አንዲት ሲኒ እጠጣለሁ፣ ከዚያ እደፋዋለሁ። ፈንታነሽ ብትጠራም በሶዬን ይዤ እሄዳለሁ፤ ወሬው ያው ነው።

አያ ይሻው በተከፈተው መንገድ ወደ ራሱ ማሳ ሲያልፍ ደግሞ አንዳንዴ ሆን ብዬ እጠቅሰዋለሁ። ይደነግጥና ነጠላውን ይጎትታል። ደንግጦ ይሂድ። ይህኛውን ጥቅሻ መሐላም እንቅልፍ ማጣትም አላመጣው፤ ዓይኔ የራሴ ነው።